ጥያቄና መልስ፦ የክረምት ሥራ የት አገኛለሁ?

ጥያቄ

እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። 17 ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ 11ኛ ክፍልን ጨረስኩ። የምንኖረው ኮተቤ ነው። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሱቆች ታስረክባለች። የሚመጣውን ዓመት ደብተርና ዩኒፎርም እኔ ብችል ትንሽ ይቀልላታል ብዬ የክረምት ሥራ እየፈለግሁ ነው። ሲቪ አዘጋጅቼ ቴሌግራም ላይ ላየሁት ማስታወቂያ ሁሉ ላክሁ። መልስ የሰጠኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም «ለመመዝገቢያ 500 ብር አስገባ» አለኝ። ጓደኛዬ ደላላ ጋ እንሂድ ይለኛል። እናቴ ደግሞ «12ኛ ልትገባ ነው፣ አርፈህ አጥና» ትላለች። ለመሆኑ በዚህ ዕድሜዬ መቀጠር ይፈቀድልኛል? የትስ ልሂድ?

ከኮተቤ

መልስ

ልጄ፣ በመጀመሪያ 500 ብሩን እንዳትልክ። ሠራተኛ የቸገረው ሰው ከሠራተኛው ገንዘብ አይጠይቅም። ደላላውንም ተወው። ከመጀመሪያ ክፍያህ ላይ ድርሻውን ያነሳል፤ ሥራው የሁለት ወር ከሆነ ምን ሊተርፍህ ነው?

ዕድሜህ ይፈቅዳል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚከለክለው ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለውን «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ ለብቻው ይጠብቀዋል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ሊያሠሩህ አይችሉም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት ዕረፍትህ፣ በሕዝብ በዓልም ሥራ የለህም፤ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። መጋዘን ውስጥ ከባድ ዕቃ ማንሳት፣ መጎተትና መግፋት ክልክል ነው። ስለዚህ ገና ስትጠይቅ የሥራውን ሰዓትና ዓይነት አጣርተህ ግባ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እኔ ሜክሲኮ አካባቢ ለብዙ ዓመት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ነበረኝ፤ በየክረምቱም ተማሪዎች እቀጥር ነበር። አንድም ቀን ማስታወቂያ አውጥቼ አላውቅም። እንደኔ ያለ ባለ ሱቅ የሚቀጥረው በሩ ድረስ የመጣለትን ወይም ጎረቤት ያመጣለትን ልጅ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ዲግሪና የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ነውና አንተን አይመለከትም። በእግርህ ነው የምትፈልገው።

መቼ እንደምትሄድም እወቅ። ሐምሌ ለብዙ ሱቅ ቀዝቃዛ ወር ነው፤ ዝናቡ ሰውን ቤት ያስቀምጠዋል። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይዘጋል፣ ምግብ ቤቱና ኬክ ቤቱም ገበያው ይቀንሳል። በነዚያ ሳምንታት ካፌ ለካፌ ብትዞር «ሰው አንፈልግም» የሚሉህ እውነታቸውን ነው፤ ተስፋ አትቁረጥ። ጾሙ ሲፈታ ነገሩ ይገለበጣል። ከነሐሴ 16 ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ወላጅ ሁሉ ደብተር ፍለጋ ይወጣል፤ የዩኒፎርምና የጫማ ሱቆች፣ ሱፐርማርኬቶች፣ የአዲስ ዓመት ባዛሮችም ተጨማሪ እጅ ይፈልጋሉ። ባዛር ላይ ግን አምሽተው ስለሚሠሩ ሰዓትህን ቀድመህ ተነጋገር። ለዚህ ወቅት ሥራ የሚጠየቀው በሐምሌ ነው። ባለ ሱቁ አሁን ጊዜ አለው፣ ያናግርሃል፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ብትመጣ ቀና ብሎም አያይህም።

አንድ ሐምሌ ላይ ጃንጥላዋን በር ላይ አራግፋ የገባች የ10ኛ ክፍል ልጅ አልረሳም። «ሥራ አለ?» አላለችም። «ደብተር ሲበዛባችሁ ብቻችሁን ትችሉታላችሁ? እኔ ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስከረም ትምህርት እስኪጀመር ነፃ ነኝ፤ ሰፈሬም እዚሁ ነው» አለችኝ። መቼ መጥታ መቼ እንደምትሄድ በአንድ አፍ ነገረችኝ፤ ለባለ ሱቅ ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ነሐሴ ላይ ጠራኋት። ወላጆች ከትምህርት ቤት የተሰጣቸውን ዝርዝር ሲያመጡ ተቀብላ ባለ 50 ሉኩን፣ ካሬውን፣ የሥዕል ደብተሩን ከመደርደሪያ እያወረደች፣ እያንዳንዱን መስመር በእርሳስ እየሰረዘች ታዘጋጅ ነበር። ቀኑ ሲቀዘቅዝ ተቀምጣ ደብተር ትሸፍናለች። ገንዘብ በቴሌብር ሲከፈል የደንበኛውን ስልክ አይታ አታምንም፤ መልእክቱ በሱቁ ስልክ መግባቱን አረጋግጣ ነው ዕቃውን የምታስረክበው። ይህን ማንም ሳይነግራት ስታደርግ ሳይ በሚቀጥለው ዓመትም እንድትመጣ ነገርኳት።

አንተም ከኮተቤ እስከ መገናኛ ያሉትን ሱቆች በእግርህ ዙር። ራቅ ያለ ቦታ ብትይዝ የታክሲው ሒሳብ ከክፍያህ ላይ ብዙ ይበላል። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ግባ፤ ቅዳሜ አትሂድ። የተማሪነት መታወቂያህን ያዝ። ሒሳብ የሚነካ ሥራ ከሆነ ዋስ መጠየቃቸው አይቀርም፤ እናትህ አብራህ ሄዳ ባለቤቱን ብታነጋግር ብዙ ነገር ይቀላል። እሷም የት እንደምትውል ታውቃለች።

በሐምሌ ደግሞ ማስጠናት ሞክር። በአዲስ አበባ 6ኛና 8ኛ ክፍል ፈተና ስላለ ልጃቸው በሒሳብ የደከመ ወላጆች በክረምቱ አስጠኚ ይፈልጋሉ። አንተ ለ8ኛ ሳይሆን ለ4ኛና 5ኛ ክፍል ልጆች ብትጀምር ይሻላል፤ ወላጅ ቶሎ ያምንሃል። እናትህ እንጀራ የምታስረክብባቸው ባለ ሱቆች የሰፈሩን ቤት ሁሉ ያውቃሉና በነሱ በኩል ይነገርልህ። በሳምንት ስንት ቀን፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ በወር ስንት ብር እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተስማማ።

ስለ ክፍያ አትፈር። «እንተያያለን» የሚልህ ሰው ጋ ሥራ አትጀምር። በቀን ነው ወይስ በወር፣ መቼ ነው የሚከፈለው፣ ምሳ አለው ወይ ብለህ ጠይቅ። የጽሑፍ ውል ካልተደረገ አዋጁ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ስምምነቱን ጽፎ ፈርሞ እንዲሰጥህ ያዛል። ትንሽ ሱቅ ይህን ሲያደርግ ብዙም አላየሁም፤ አንተ ግን በትሕትና ጠይቅ፣ የሠራህበትን ቀንና ሰዓትም በራስህ ደብተር መዝግብ።

እናትህን በተመለከተ፣ 12ኛ ክፍል ቀልድ አይደለም፣ ስጋቷ እውነት ነው። ግማሽ ቀን የሚያሠራህ ካገኘህ እሱን ምረጥና ጠዋቱን ለጥናት አድርገው። ትምህርት የሚጀመርበትን ቀን ለቀጣሪህ ስትገባ ንገረው፤ ያ ቀን ሲደርስ «አንድ ሳምንት ጨምርልኝ» ቢልህም እሺ አትበል። ስትወጣ ምን እንደሠራህ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሠራህና ስንት ይከፈልህ እንደነበር የሚገልጽ ወረቀት ጠይቅ። ይህን ያለክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ በሚቀጥለው ክረምት ይዘኸው ትገባለህ።