አባቴን ካጣሁ በኋላ አማካሪ ጋ ብሄድ ምን ያደርጉኛል? (መልስ)

ከሜሪላንድ የጻፍሽው እህቴ፣ አባትሽን ነፍስ ይማር። በሆስፒስ (ሕይወታቸው ወደ ማብቃት ለተቃረበ ሕሙማን በሚደረግ እንክብካቤ) ካረፉ ስምንት ወር ሆኖ፣ ተዝካሩም አልፎ አሁንም እንቅልፍ እንደራቀሽ ነግረሽናል። ስለ ሐዘን ምክር የማውቀውን ልንገርሽ።

የመጀመሪያው ቀን በአብዛኛው ጥያቄ ነው። አባትሽ እንዴት አረፉ፣ ትበያለሽ ወይ፣ ራስሽን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶብሽ ያውቃል ወይ ይሉሻል። የመጨረሻውን ሁሉንም ሰው ስለሚጠይቁ አትደንግጪ። የምትናገሪው ምስጢር ነው፤ ሕይወት አደጋ ላይ ካልወደቀ ወይም ሕግ ካላስገደደ በቀር ለዘመድም ለዕድርም አይደርስም።

ከዚያ በኋላ በየጊዜው ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ታወራላችሁ። አልቅሺ ብሎ የሚያስገድድሽ የለም። ብታለቅሺም "በቃሽ፣ በርቺ" የሚልሽ የለም፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። እኛ ለቅሶ ላይ ሰው አናጣም፤ ድንኳኑ ሲነሳ ግን ስለ ሟቹ ማውራትም አብሮ ይቀራል። አማካሪዋ ስማቸውን እንድትጠሪ፣ ሳትነግሪያቸው የቀረውን በደብዳቤ እንድትጽፊላቸው ልትጋብዝሽ ትችላለች። ያን ቀን ማታ ሐዘኑ ቢብስብሽ የተለመደ ነው።

"አምስቱ የሐዘን ደረጃዎች" የሚባሉትን (መካድ፣ ቁጣ፣ ድርድር፣ ድብርት፣ መቀበል) በተራ አልፋለሁ ብለሽ አትጠብቂ። የአእምሮ ሐኪሟ ኩብለር ሮስ እ.ኤ.አ. በ1969 ያቀረበቻቸው ሞት ስለቀረባቸው ሕሙማን ነበር።

ስለ ክፍያው፦ ሆስፒሱ ከሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ጋር የሚሠራ ከሆነ፣ ለቤተሰብ እስከ አንድ ዓመት የሐዘን ድጋፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጊዜው ሳያልፍብሽ ነገውኑ ደውዪላቸው፤ በአማርኛ ማውራት ከቀለለሽም አስተርጓሚ ጠይቂ። ሌሊት ላይ መኖር ካስጠላሽ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ወደ 988 (የአሜሪካ ራስን የማጥፋት መከላከያና የቀውስ ጊዜ እርዳታ መስመር) ደውዪ።