ክሩስኮቱ (ዳሽቦርዱ) ላይ ስለምትበራው ቀይ የዘይት መብራት፦ ለወጣት መካኒኮች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በቅርቡ አንድ ወጣት መካኒክ ቡና እየጠጣን ሲያጫውተኝ፣ የዘይት መብራት የምትበራበት አሮጌ መኪና ሲገባለት ከሁለት ነገሮች አንዱን እንደሚያደርግ ነገረኝ፤ ወይ «ሴንሰሩ ነው» ብሎ ሴንሰር ይቀይራል፣ ወይ «ሞተሩ ይውረድ» ይላል። አልተቆጣሁትም፤ በእሱ ዕድሜ እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበርና። የምጽፍላችሁ በእነዚህ ሁለት መልሶች መካከል ስላለው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት እንኳ ስለማይፈጅ ሥራ ነው። ጉዳዩ ወደፊትም ከእጃችሁ አይጠፋም፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖችን ካስወደደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተደረገ ወዲህ፣ ሠላሳና አርባ ዓመት የሞላት ኮሮላ ገና ብዙ ጊዜ ደጃችን ላይ ትቆማለች።

የራሴን ጥፋት ላስቀድም። ገና ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሹፌር ፒክአፑን አመጣልኝ፤ ሞተሩ ሲሞቅ፣ በሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ ዝግ ብሎ ሲዞር፣ የዘይቷ መብራት ትርገበገብ ነበር። የሴንሰሩን ሽቦ ነቀልሁ፤ መብራቷ ጠፋች፤ «ሴንሰር ነው» ብዬ ሸኘሁት። ሽቦው ሲነቀል መብራቷ በደኅና ሞተርም በሞተ ሞተርም ላይ እንደምትጠፋ፣ ያም የሚያረጋግጠው ሽቦው ራሱ ከቦዲው ጋር አለመነካካቱን ብቻ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ሰውየው ኮምቦልቻ ደርሶ፣ ጭኖ ሲመለስ፣ ከሸዋ ሮቢት ቆላ ተነሥቶ ወደ ጣርማ በር የሚያወጣውን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲገፋ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ተጎትቶ መጥቶ ስንከፍተው የአንዱ ቢየላ (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና (ክራንክሻፍቱ በውስጡ የሚዞርበት ስስ የብረት ትራስ) ሽፋኑ ተልጦ፣ መዳቡ ወጥቶ፣ እንደ ከረሜላ ወረቀት ተጨማዶ ከቦታው ወጥቷል። ሹፌሩ አልሰደበኝም። «አንተ ልጅ፣ ሴንሰር ነው አላልከኝም?» አለኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዘይት ፖምፓ የሚሠራው ዘይት መግፋት ነው፤ ግፊቱ የሚፈጠረው ያ ዘይት በብሮንዚናና በክራንክሻፍት መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ክፍተቱ በደኅና ሞተር ላይ የሚሊሜትር መቶኛ ጥቂቱ ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። መኪና የምናጥብበትን የውኃ ጎማ አፉን በአውራ ጣት ስትጫኑት ውኃው የሚበረታው፣ ስትለቁት የሚልፈሰፈሰው በዚሁ ምክንያት ነው። ብሮንዚና ሲበላ አውራ ጣቱ ተነሣ ማለት ነው፤ ዘይት ሲቀጥንም ውጤቱ ያው ነው። ስለዚህ ግፊት ሲወርድ ፖምፓውን ብቻ መክሰስ ትክክል አይደለም።

መብራቷን የሚያበራው ስዊች ደግሞ፣ እኛ ሴንሰር የምንለው፣ በአብዛኞቹ መኪኖች ላይ የሚሠራው ግፊቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ባር አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ ነው። ይህን በደንብ አስተውሉት። መኪናዋ በፍጥነት እየሄደች ግፊቱ 1 ባር ብቻ ቢሆን ብሮንዚናው በዘይት ጥም እየተቃጠለ መብራቷ ግን ጭል አትልም። ስለዚህ መብራቷ መጥፋቷ ሞተሩ ደኅና ነው ማለት አይደለም፤ በጉዞ ላይ ከበራች ደግሞ ሹፌሩ ነዳጅ ለቅቆ፣ ዳር ይዞ፣ ወዲያው ማጥፋት አለበት፤ «እስከ ጋራዥ ልድረስ» የሚባል ነገር የለም።

መኪናዋ ስትገባላችሁ ሞተር ሳታስነሡ ቁልፉን ብቻ ክፈቱ፤ መብራቷ መብራት አለባት። ካልበራች አምፖሏ ተቃጥላለች፣ ወይም ሆን ተብሎ ወጥታለች። የዘይቷን መብራት ከባትሪ ቻርጅ መብራት ጋር አገናኝተው፣ ሞተሩ ሲነሣ አብራ እንድትጠፋ ያደረጉባትን መኪና በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለሽያጭ የተዘጋጀች ነበረች። ቀጥሎ ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ዘይቱ እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ ሳቡ። ልኩን ማየት አይበቃም፤ ዘይቱን በሁለት ጣት አሹት፣ አሽትቱት።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጌጅ ነው። ስዊቹን ፈትታችሁ በቦታው የግፊት መለኪያ ጌጅ ግጠሙ። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከላችሁ ጌጅ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ የጃፓን መኪኖች ስዊች በአብዛኛው በአንድ ኢንች 28 ጥርስ ነው፣ የአሜሪካው መግጠሚያ ግን 27 ነው። አንድ ሁለት ዙር በደኅና ይገባና ከዚያ የብሎኩን ጥርስ ይበላዋል። ትክክለኛውን መጋጠሚያ ፈልጉ ወይም አስቀርጹ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ሞቆ የራዲያተሩ ቬንትሌተር አንድ ሁለት ጊዜ ተነሥቶ እስኪጠፋ አትለኩ፤ ቀዝቃዛ ዘይት ያረጀውን ሞተር ሁሉ ወጣት ያስመስለዋል። ቶዮታ ለብዙዎቹ ትናንሽ አሮጌ የቤንዚን ሞተሮቹ ያስቀመጠው ልክ በሚኒሞ ከ0.3 ያላነሰ፣ በደቂቃ በ3,000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ኪሎው ከባር ጋር ተቀራራቢ ነው። ለሌላ ሞተር የራሱን ልክ ፈልጉ። በሚኒሞ ዝቅ ብሎ በ3,000 ላይ ልኩን የሚሞላ ከሆነ ጥርጣሬዬ ወደ ብሮንዚናና ወደ ዘይቱ ቅጥነት ይሄዳል። ዘይቱ ደኅና ሆኖ በሁለቱም ላይ ዝቅ ካለ የፖምፓውን መበላት፣ የግፊት መልቀቂያው ባልቦላ ክፍት ሆኖ መቅረቱን፣ ወይም ዘይት መሳቢያው ቱቦ ከመገጣጠሚያው አየር መሳቡን አስባለሁ። በደኅና ጀምሮ ዙሩ ሲቆይ እየወረደ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ የዘይት ገንዳውን አውርዱና የመሳቢያውን ወንፊት እዩ። እዚያ ብዙ ጊዜ የማገኘው በገንዳው ጠርዝ ላይ ያለ ልክ ተቀብቶ፣ ወደ ውስጥ ተርፎ፣ ተቆርጦ የወደቀ ሲሊኮን ነው። ያንን ሲሊኮን የቀባነው እኛው መካኒኮቹ ነን።

ማሽተት ያልሁትን በዋዛ አትዩት። አንድ ጊዜ ጡረታ የወጡ መምህር ካርቡራተር ያላት አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው መጡ። ሁለት ጋራዦች ሞተሩ እንዲወርድ ነግረዋቸዋል። «ዘይት እንኳ አትበላብኝም፤ እንዲያውም ትጨምራለች» አሉኝ እየሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልሁም። ዘንጉን ስስበው ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አንድ ጣት አልፏል፤ እንደ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ረዳቴን ሲጋራውን ይዞ ከአጠገቤ እንዲርቅ ነገርሁትና ጌጁን ገጠምሁ፤ በሚኒሞ 0.2፣ በ3,000 ዙር 1.8። በሞተሩ ጎን ያለውን የቤንዚን ፖምፓ ፈትቼ ዲያፍራሙን፣ ቤንዚኑን የሚገፋውን ስስ ጎማ፣ ወደ ብርሃን ሳነሣው ከመሐሉ አጠገብ እንደ ጥፍር ጨረቃ ተሰንጥቋል፤ በዚያች ስንጥቅ ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ሲወርድ ከርሟል። አዲስ ፖምፓ፣ አዲስ ዘይትና ፊልትሮ ካስገባን በኋላ በሙቅ ሞተር 0.9 እና 3.4 አነበብሁ። «ታዲያ ሞተሩ አይወርድም?» አሉኝ መምህሩ፣ ያላመኑ ይመስል። «አይወርድም፤ ግን ከአንድ ሳምንት በኋላ ይመለሱና ዘንጉን አብረን እናሽትተው» አልኋቸው።

ዘይት ስለማወፈርም ትጠይቁኛላችሁ። አምራቹ የሚፈቅደው ከሆነ በቆላ መንገድ ለምትሠራ አሮጌ መኪና ከ10ደብልዩ30 ዘይት ወደ ወፍራሙ 20ደብልዩ50 መሄድ ነውር የለበትም። ነገር ግን ጌጁን ሳታነቡ መብራት ለማጥፋት ብቻ ዘይት አታወፍሩ፤ የተበላውን ብሮንዚና አይመልሰውም። ለመሸጥ የማርሽ ዘይት ቀላቅለው የሚያስነሡ ደላሎችን አውቃለሁ፤ ማለዳ በብርድ ያ ዘይት ወደ ቴስታታው፣ ወደ ሞተሩ የላይኛው ራስ፣ እስኪወጣ ድረስ ባልቦላዎቹ በደረቅ ይንቀጫቀጫሉ።

ስትጨርሱ ሁለቱን ቁጥሮች፣ የዘይቱን ዓይነት፣ ኪሎ ሜትሩንና ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፋችሁ በኮፈኑ ውስጠኛ በኩል ለጥፉ። የመምህሩ ኮሮላ ላይ አሁን አራት ፕላስተር አለ፤ የመጨረሻው በሚኒሞ 0.8፣ በ3,000 ዙር 3.3 ይላል።