አፈሳ ለምትወጡ ወጣት ፖሊሶች

ልጆቼ፣ ጣቢያ በተመደባችሁ በጥቂት ጊዜ ውስጥ «ቁማርተኞቹን ሰብስቡ» መባላችሁ አይቀርም። ቀላል ሥራ ነው። ካርታ የሚጫወቱበትን ቤት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ተጫዋቾቹ መሣሪያ አይታጠቁም። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው ቁጥርም ያምራል። በምርመራ ሥራ ላይ በኖርኩበት ዘመን ግን በዚያ ቁጥር ሰላም ያገኘ ሰፈር አላየሁም።

አንድ ቅዳሜ ማታ ከአንድ ፑል ቤት ወጣቶች ታፍሰው መጡ። ጠረጴዛው ላይ የተያዘው ብር ተቆጥሮ መቶ አልሞላም። ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ ሲመዘገብ ተረኞቹ በሙሉ በዚያ ተጠመዱ። በዚያው ሰዓት ቤታቸው የተዘረፈ አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቁ ነበር። ቃላቸውን የሚቀበል ሰው ያገኙት እኩለ ሌሊት አልፎ ነው። ስርቆትን ለሚመረምር ሰው እነዚያ ሰዓታት ምን ማለት እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

ዋናው ነገር የተገኘው በኋላ ቤቱ ሲበረበር ነው። ከባንኮኒው ሥር የካርቶን ሳጥን አለ። ውስጡ ስልክ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የአንድ ታክሲ ሹፌር መንጃ ፈቃድ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ላይ በፕላስተር ስምና የብር መጠን ተለጥፎበታል። የተበላ ልጅ ያለውን አስይዞ ይበደራል፣ ወለዱ በየሳምንቱ ይቆለልበታል። የቤቱ ባለቤት ከየጨዋታው ድርሻውን ይቆርጣል፣ በዚያ ላይ አራጣ ያበድራል። አፈሳው ያመጣው ባለዕዳዎቹን ነው። አበዳሪው ቤቱ ተኝቶ አድሯል!

ስለዚህ የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሳጥኑንና የዕዳ ደብተሩን ፈልጉ። አራጣ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ያ ዕዳ ያለበት ልጅ ደግሞ ከማንም የተሻለ ምስክራችሁ ነው። በጥፊ ብላችሁ ካሰራችሁት አፉን ይዘጋል። ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ የሚያስገባውን፣ ከእኛው ሰው ጋር የሚሞዳሞደውንም የሚነግራችሁ እሱ ነው።

«ማዶ ያለው ቤቲንግ ቤት ክፍት ሆኖ እኔን ለምን ትይዘኛለህ?» የሚላችሁም አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ረጋ ብላችሁ መልሱለት። መንግሥት ራሱ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ ሎተሪ ይሸጣል፣ ቤቲንግም በፈቃድ ይሠራል። ሕጉ የሚለያቸው በፈቃዱ ነው። ደሞዙን ለጨረሰ ሰው ግን ልዩነቱ እምብዛም ነው፣ እኔም ይህን አልክድም። ባለፈቃዱ ለሕፃን ልጅ ቲኬት ሲቆርጥ ካያችሁ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወረቀት አያስፈራችሁ።

የያዛችሁትን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ የሕገ መንግሥቱ ግዴታ ነው፣ አንቀጽ 19። 48 ሰዓት አጭር አይምሰላችሁ። ቅዳሜ ማታ የታፈሰ የቀን ሠራተኛ የሰኞ ሥራው ያመልጠዋል፣ እሱን የሚጠብቅ ቤተሰብም አለ። ዋስ ጠርቶ ሊወጣ የሚችል ከሆነ አታጉላሉት። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብር እዚያው በፊታቸው ቁጠሩ፣ አስፈርሙ። አለቃችሁ ስንት ሰው እንደያዛችሁ ሲጠይቅ፣ የእኚያን እናት መዝገብ የት እንዳደረሳችሁት አስቀድማችሁ ንገሩት።