«ብናፈላውስ?» ክረምቱን በጥናት ላሳለፋችሁ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ሠላሳ ዓመት ያህል ውሃ ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ክረምት ሊወጣ ሲል ግን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጥናታቸውን ሲያቀርቡ እንድሰማ ይጠሩኛል፣ እኔም ደስ እያለኝ እሄዳለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ባለፈው ነሐሴ ካየሁት ተነስቼ ነው።

ቦታው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለች አንዲት ከተማ፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። አራት የኬሚስትሪ ተማሪዎች ክረምቱን ሙሉ የአካባቢውን የጉድጓድ ውሃ ሲመረምሩ ከርመዋል። የሚለኩት ፍሎራይድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲበዛ ጥርስ የሚያበላሽ ንጥረ ነገር። መምህራኑ ከፊት ወንበር ላይ ጥቂት ናቸው። የቀረው ሰው እናቶች፣ ገበሬዎች፣ የባጃጅ ሹፌሮችና የቀበሌ ሰዎች ናቸው። ብዙው የሚሰማው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አጠገባቸው ቆማ ታስተረጉማለች።

አቅራቢዋ ጎበዝ ልጅ ናት። ጥናቷንም በደንብ ታውቀዋለች። መጀመሪያ ርዕሱን አሳየች፣ ቀጥላ ዓላማውን፣ ከዚያ መለኪያ መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ። አስር ደቂቃ ሄደ። ውጤቱ ሲመጣ ከላይ እስከ ታች ቁጥር የሞላበት ሠንጠረዥ ነው። አስተርጓሚዋ እስከዚያ ድረስ እንደምንም ስትከተላት ነበር። «ስታንዳርድ ዲቪዬሽን» ላይ ስትደርስ ቆመች። ልጅቷን አየቻት፣ ሰዉን አየች፣ ዝም አለች።

ያኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ብናፈላውስ? አይለቅም?»

ልጅቷ ደነገጠች። መልሱ ጠፍቷት አይመስለኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣል ብላ አላሰበችም እንጂ። መልሱ አጭር ነው፤ አይለቅም። ማፍላት ጀርም ይገድላል፣ ለዚያ ጥሩ ነው። ፍሎራይድ ግን በሙቀት የሚሞት ነገር አይደለም። ውሃው ሲተን እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል፣ በቀረው ውሃ ውስጥም መጠኑ ይጨምራል። ክረምቱን ሙሉ ከተሠራው ሥራ እኚያ እናት ቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ነገር ይህ ነበር፣ ከስላይዶቹ አንዱም ላይ ግን አልነበረም።

ልብ በሉ፣ ሰውን አቅልላችሁ አስረዱ እያልኩ አይደለም። እኚያ እናት የጠየቁት ከባድ ጥያቄ ነው። እኔ የምላችሁ፣ ዝግጅታችሁን ከስላይዱ ሳይሆን አዳራሹ ውስጥ ከሚቀመጠው ሰው ጀምሩት ነው። ይህን ሰው ምን ቸግሮታል? በዚያ ከተማ የቸገረው ጥርስ ነው። ወጣቶች ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። ጥርሳቸው የቡና ቀለም ይዟል። ሌላ አገር ሲሄዱ «ጥርሱን አይፍቅም እንዴ?» ይባላሉ። በመፋቅ የሚመጣም የሚሄድም ነገር አይደለም። ጥርሱ የተበላሸው በልጅነት፣ ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ ከሚጠጣው ውሃ ነው። ውሃው ደግሞ ፍሎራይዱን የሚያገኘው ከታች ካለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። እዚህ ላይ ብትጀምሩ ማንም አያንቀላፋም፤ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ሰው እያሰበ ይሰማችኋል።

ኢትዮጵያዊውን ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማን አስታውሱ። በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ አካባቢ ስለ ቢልሃርዝያ፣ በጥገኛ ትል ስለሚመጣው በሽታ፣ ሲያጠኑ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ አዩ። አረፋው በሚወርድበት በኩል ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል፣ ከላይ ግን በሕይወት አሉ። ቢልሃርዝያ ያለ ቀንድ አውጣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ከዚህ በኋላ ብዙ ዓመት የፈጀ የላቦራቶሪ ሥራ አለ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት እስከማግኘት ደረሱ። ታሪኩን ለማንም ስትነግሩ ግን የምትጀምሩት ከወንዙ ነው። የስምንት ዓመት ልጅም ይገባዋል። ደግሞም እንዶዱን ያወቁት አጣቢዎቹ ሴቶች መሆናቸውን አትርሱ። እናንተም ከጉድጓዱ ስትቀዱ ጉድጓዱን ያሳየ፣ ገመድ ያቀበለ ሰው ነበር። ምስጋናችሁ ውስጥ አንሱት።

ቁጥር አትፍሩ፣ ግን ቤት ውስጥ ባለ ዕቃ ለኩት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ይህ ለሰሚው ምንም አይደለም። «አምስት በርሜል ውሃ ውስጥ የሻይ ማንኪያ ሩብ የምታህል ጨው እንደ መጨመር ነው» በሉት። ጉድጓዱ 6 ከሆነ «ሙሉ ማንኪያ ገባበት ማለት ነው፣ አራት እጥፍ» በሉ። አስተርጓሚዋም እዚህ ላይ አትቆምም። በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች አሉ፤ ሰዉ ያን ራሱ አስልቶ ይደርስበታል።

አሁን ወደሚያሳዝነኝ ነገር ልምጣ። ሌላው ተማሪ ከተቃጠለ የእንስሳ አጥንት ተሠርቶ ፍሎራይድ ስለሚይዘው የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ሲያስረዳ አንድ አባት ተነስተው «የምን እንስሳ አጥንት ነው? በጾምስ ይጠጣል?» አሉ። ልጁ ፈገግ አለ። ከኋላ ያሉ ጓደኞቹ ሳቁ። አባትየው ተቀመጡ፣ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተናገሩም። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ማጣሪያው ፍሎራይዱን ቢይዝ እንኳ ሰዉ ውሃውን ካልጠጣው ምን ዋጋ አለው? የከብት ከሆነ የከብት ነው በሉ፣ እንዴት እንደሚቃጠል አሳዩ። ስለ ጾሙ ደግሞ የሃይማኖት አባቶችን ቀድማችሁ ጠይቁና መልሳቸውን ይዛችሁ ኑ። ይህም የጥናቱ አካል ነው።

ያው ልጅ የአንዲት ታዳጊ ጥርስ ፎቶ አሳየ። ፊቷ ሙሉ በሙሉ ይታያል። የዚያው ሰፈር ልጅ ናት፣ አዳራሹ ውስጥ ሹክሹክታ ተነሳ። አንጀቴን በላው። ጥርሱን ብቻ አሳዩ፣ እሱንም አስፈቅዳችሁ።

ያላወቃችሁትንም ንገሩ። የቀዳችሁት በክረምት ብቻ ከሆነ በክረምት ብቻ ነው በሉ። ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ዝናብ ሲገባበት ሊለወጥ ይችላል፣ በጋ ላይ ሌላ ቁጥር ይወጣ ይሆናል። ሰው እንዲህ ስትሉት ይንቀናል ብላችሁ አትስጉ። ገበሬ የበጋና የክረምት ውሃ ልዩነት ከእናንተ በላይ ያውቃል።

ከመቅረባችሁ በፊት ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ በአፍ መፍቻችሁ ንገሯቸው፣ ያለ ስላይድ። በእንግሊዝኛ የተማራችሁትን እዚያው መድረክ ላይ ለመተርጎም ስትሞክሩ ነው ምላሳችሁ የሚተሳሰረው።

ያቺ የመጀመሪያዋ ልጅ ሁሉም ሲወጣ አልሄደችም። እናትየውን በር ላይ ደረሰችባቸውና «እማማ፣ ቅድም በደንብ አልመለስኩልዎትም» አለቻቸው። ስለ ማፍላቱ አስረዳቻቸው። እሳቸውም «እንግዲያው የኛን ጉድጓድ ለኪልኝ» አሉ። ከቦርሳዋ ባዶ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጣች፣ ላዩ ላይ ፕላስተር ለጥፋ የሰፈሩን ስም ጻፈችበት። ከመሙላታቸው በፊት በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ እንዲያለቀልቁት ነገረቻቸው። ውጤቱንም ሐሙስ ራሷ ይዛ እንደምትመጣ ነገረቻቸው።