የመርሳት ሕመም ያለባቸውን ወላጆች በዊልቸር ይዞ ስለመውጣት፦ ጠይቁኝ

እናቴን በመርሳት ሕመም ስድስት ዓመት አስታምሜያለሁ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመታት የምትንቀሳቀሰው በዊልቸር ነበር። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ዳገትና ኮብልስቶን በበዛበት ሰፈር ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ በእጄ ያለፈውን ግን ሳልሰስት እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን በሩን ሳንዘጋ «ዛሬ ማርያምን ሳልስም ዋልኩ» ትላለች። ሁሉን ከረሳችው ድካማችን ምን ይጠቅማል?

እህቴ፣ መሄዷን ትረሳዋለች፤ የሰጣት ደስታ ግን አብሮ አይጠፋም። እናቴ ደጀ ሰላም በደረሰችበት ቀን ምሳዋን ሳትጨቃጨቅ ትበላ፣ ሌሊቱንም ደህና ትተኛ ነበር። ስሜን ከረሳች በኋላ እንኳ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል «እግዚኦ ተሣሃለነ» ብላ ከሕዝቡ ጋር ትመልስ ነበር። በልጅነት የተተከለው በአብዛኛው ዘግይቶ ነው የሚሄደው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ «ተንሥኡ» ሲባል ለመነሣት ትሞክር ነበር። ስትቆሙ ፍሬኑን ያዢ፣ የእግር መርገጫውንም እጠፊው፤ እሱን ረግጠው ሲነሡ ወንበሩ ወደ ፊት ይደፋል። «አሁን እኮ ስመን መጣን» ብለሽም አትሟገቻት። ስለ ማርያም እንድታወራሽ ጠይቂያት።

ጥያቄ፦ ኮብልስቶን ላይ የፊት ጎማው እየተቀረቀረ አባቴን ሊጥልብኝ ነበር።

ችግሩ ያለው ከፊት ያሉት ትንንሽ ጎማዎች ላይ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ይገባሉ። ከወንበሩ ኋላ በታች በኩል ያለውን ብረት በእግርህ ተጭነህ፣ እጀታውን ወደ ራስህ ስበህ የፊቶቹን ከመሬት አንሣና በኋላ ጎማዎች ብቻ ግፋ። ከዚያ በፊት ግን «አባዬ፣ ትንሽ ወደ ኋላ ላዘነብልህ ነው» በለው። ሳይነገረው የተዘነበለ ሰው የወደቀ ይመስለዋል፤ ደንግጦ እጁን ጎማው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። ቁልቁለት ሲሆን ፊቱን ወደ ዳገቱ አዙረህ፣ አንተ የኋሊት እየተራመድክ አውርደው። ደረጃ ላይ የሚረዳ ሰው አይጠፋም፤ ሕዝባችን በዚህ ደግ ነው። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው የሚያነሣው የክንድ መደገፊያውን ይዞ ነው፤ እሱ ደግሞ በብዙ ወንበሮች ላይ ተነቃይ ነው። ዋናውን ብረት እንዲይዙ አንተ አሳያቸው።

ጥያቄ፦ በስንት ሰዓት መውጣት ይሻላል?

ጠዋት፣ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ። ከ10 ሰዓት በኋላ ብዙዎቹ ይረበሻሉ፤ ቤታቸው ተቀምጠው እንኳ «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ አቀማመጣቸውን ለውጡ፤ ቁስል የሚጀምረው ሳይታወቅ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ መንገድ ላይ «ይህችን አላውቃትም፣ ልትወስደኝ ነው!» ብላ ጮኸች። ሰው ከበበን፤ አንድ ሰው እጄን ያዘኝ።

ይህ በእኔም ደርሷል፤ ያን ቀን ቤት ገብቼ አልቅሻለሁ። ከዚያ በኋላ «እናቴ የመርሳት ሕመም አለባት፤ ልጇ ነኝ፤ እባክዎ በትዕግሥት ይርዱን» የሚል ወረቀትና አብረን የተነሣነውን ፎቶግራፍ ከቦርሳዬ አልለይም ነበር። ለሰው አሳዪና ዝም በዪ። ከዚያ ከፊቷ ቁጭ ብለሽ፣ ዓይኗ ሥር ሆነሽ፣ በዝግታ አነጋግሪያት። ከኋላ የሚገፋ ሰው አይታይም፤ የማታየው ሰው እየገፋት ስለሆነ ፍርሃቷ እውነተኛ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ቀድሞ ያልነበረና በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት የመጣ ከሆነ ግን ሕመሙ ባሰ ብለሽ አትቀመጪ፤ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላልና ሐኪም ይያት።

ጥያቄ፦ መጸዳጃ ቤትስ?

ከመውጣታችሁ በፊት ሽንት ቤት አድርሷቸው፤ ቅያሪ ልብስና ዳይፐር ያዙ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መጸዳጃ እንዲኖር ደንግጓል፤ በተግባር ግን በሩ ዊልቸር የማያስገባበት ቦታ ብዙ ነው። የምትሄዱበትን ቀድማችሁ ብቻችሁን እዩት። ውኃ ግን አትከልክሏቸው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቴን «እንውጣ?» ባልኩት ቁጥር «አልወጣም» ይላል።

ጥያቄውን ተወው፤ ምክንያት ስጠው። «ቡና አልቆብናል፣ አንተ ምረጥልኝ» በለው። እዚያ የሜትሮ ባቡር ጣቢያዎች ሁሉ አሳንሰር አላቸው፤ መበላሸት አለመበላሸቱን ግን ሳትወጡ አረጋግጥ። በብርድ ጊዜ ጉልበቱ ላይ ጋቢ ስታደርግ ጫፉ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ ከሥሩ ጠቅልለው።

ጥያቄ፦ ወንድሞቼ «ሰው በዚህ ሁኔታ አይያት፣ ክብሯን እንጠብቅ» ብለው መውጣት ከለከሏት።

በዚህ ላይ አልስማማም፤ በጭራሽ። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ለቅሶ የደረሰች፣ የሰው ሠርግ የሠራች ሴት ክብሯ ያለው ከሰው መካከል ነው። እናቴን ከበራችን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሳስቀምጣት ጎረቤቶቻችን ጎንበስ ብለው እየሳሟት ያልፉ ነበር። ማን እንደሆኑ አንዳቸውንም አታውቅም። ግን ለእያንዳንዳቸው፣ እጃቸውን ይዛ፣ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ትላቸው ነበር።