ስቱዲዮ ለምትገቡ ልጆች

ልጆቼ፣

ከኪቦርድ ጋር 40 ዓመት ኖሬያለሁ። ግማሹን አዲስ አበባ፣ ግማሹን ዋሽንግተን። ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ አንዲት ጃማይካዊት ነው። ታሪኳን ባነሳሁ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ሲስተር ናንሲ ትባላለች። ኪንግስተን ተወልዳ፣ ገና በአፍላ ዕድሜዋ ማይክ የጨበጠች ሴት ናት። ወንድሟ ብሪጋዲየር ጄሪም ስመ ጥር ዲጄ ነው። ጃማይካ ውስጥ ዲጄ ማለት ሸክላ የሚያጫውተው አይደለም፤ እሱ ሴሌክተር ይባላል። ዲጄው በሙዚቃው ላይ ግጥሙን የሚያወርደው ነው። ያኔ ዳንስሆል የሚባለው የጃማይካ የጭፈራ ሙዚቃ የወንዶች ሜዳ ነበር። ናንሲ ገብታ ቦታዋን ያዘች።

በፈረንጆቹ 1982 የመጀመሪያ አልበሟን ስትሠራ አንድ ዘፈን ጎደላት። ለማሟያ «ባም ባም»ን ቀዳች። ሙዚቃው «ስታላግ» የሚባል፣ ብዙ ዘፋኞች እየተቀባበሉ የዘፈኑበት ሪዲም፣ ማለትም ማጀቢያ ሙዚቃ ነው። ማሟያ የተባለው ዘፈን ዓለምን ዞረ።

እሷ ግን በ1996 አሜሪካ ገባች። ኒው ጀርሲ ተቀምጣ ባንክ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ተቀጠረች። ዘፈኗ በ1998 ፊልም ውስጥ ገባ። በ2014 የስፖርት ጫማ ማስታወቂያ ሆኖ በቴሌቪዥን መጣ። ቀን ቀን የሰው ገንዘብ ታሰላለች፤ የራሷ ዘፈን ገንዘብ ሌላ ቤት ይገባል። ዘፈኑ ከወጣ ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ ገንዘቡ ሳይደርሳት ኖረች። ከማስታወቂያው በኋላ ጠበቃ ያዘች። የመብቱን ግማሽና የአሥር ዓመት ውዝፍ አገኘች። ከዚያ በፊት የነበረውስ? ቀረ።

ይህን ስሰማ የራሴ ካሴት ትዝ አለኝ። ሦስት ሌሊት ሳልተኛ ያቀናበርኩት ነው። ገንዘቡን በፖስታ ተቀበልኩ። ወረቀት አልጠየቅኩም። ይሉኝታ ያዘኝ። በእኛ ጊዜ «እንፈራረም» ማለት ወዳጅን መጠርጠር ይመስል ነበር። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ስሜ የለም። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ የዘፈኑን መግቢያ ሰማሁ። ሾፌሩ በጣቱ መሪውን እየመታ አብሮ ያንጎራጉራል። ያቺን መግቢያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር ያገኘኋት። የእኔ ናት ብዬ ለማን ልንገረው? ዝም ብዬ ወረድኩ።

የናንሲን ባንክ መግባት እንደ ሽንፈት የሚቆጥሩ አሉ። እኔ በፍጹም አልስማማም። እኔም እዚህ 14 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፤ ማታ ማታ ሬስቶራንት እጫወት ነበር። የቤት ኪራይ የቸገረው ሰው የቀረበለትን ሁሉ ይፈርማል። ደሞዝ ያለው ግን «ልየውና ልመለስ» ማለት ይችላል። ስለዚህ በእንጀራ ሥራችሁ አትፈሩ። ናንሲ ባንኩን የለቀቀችው 50 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሙሉ ጊዜዋ የመድረክ ሆነ።

እንግዲህ የፊታችን ቅዳሜ ስቱዲዮ የምትገቡ ካላችሁ፣ ከበሩ ሳትወጡ ይህን አድርጉልኝ። አንድ ወረቀት አውጡ። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ ጻፉ። የእያንዳንዱን ድርሻ በመቶኛ አስቀምጡ። ቀን ጻፉበት፣ ሁላችሁም ፈርሙ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለሁሉም ላኩ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከመካከላችሁ አንዱ «ምነው፣ አታምነኝም እንዴ?» ይላችሁ ይሆናል። እኔ በዚያች ቃል ነው የተሸነፍኩት። እናንተ «አምንሃለሁ» በሉትና እስክሪብቶውን ስጡት።