አዲስ ታብሌት፣ እንከን ያለው ስክሪን፦ ጥያቄና መልስ

የዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ከካርቶኑ ከወጣ ጥቂት ቀን ስለሆነው ታብሌት ናቸው። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፦ አዲስ ዕቃ አይጠገንም፣ ይቀየራል። ጥገና ቤት አንዴ ከከፈተው ሻጩ «ነክታችሁታል» ይላል፤ ክርክሩም እዚያው ያበቃል። ስለዚህ ከታች ያሉት ፍተሻዎች እንከኑን ለይታችሁ የመመለሻ ቀኑ ሳያልፍ ሻጩ ፊት እንድታቀርቡ የሚረዱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ነጭ ገጽ ስከፍት መሀል ላይ ጥቁር ነጥብ ይታየኛል። ብወለውለውም አልለቀቀም። የሞተ ፒክስል (ምስሉን ከሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች አንዱ) ነው ወይስ አቧራ?

መልስ፦ መጀመሪያ ታብሌቱን አጥፋና ባትሪ ከጎን አብራበት፤ ላዩ ላይ የተቀመጠ ነገር ከሆነ ያኔ ይታያል። ካልታየ ነጩን ገጽ መልሰህ ከፍተህ ነጥቡን በማጉያ መነጽር፣ ከሌለህም በስልክህ ካሜራ አቅርበህ እየው። የሞተ ፒክስል ጠርዙ ጥርት ያለ ነው፣ ከሌሎቹ ፒክስሎች ረድፍም አይወጣም። አቧራ ዳር ዳሩ ደብዘዝ ይላል፣ ቅርጹም ወጥ አይደለም። መስታወቱና ፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው ክፍል) ሳይጣበቁ በሚሠሩ ታብሌቶች፣ ለምሳሌ በ9ኛው ትውልድ አይፓድ፣ በመካከላቸው ስስ ክፍተት ስላለ አቧራ ሊገባ ይችላል። ጭንቅላትህን ወደ ግራና ቀኝ ስታደርግ ነጥቡ ከሥሩ ካለው ጽሑፍ ላይ ትንሽ ከተንሸራተተ አቧራ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ተቃራኒ ነው፤ ጥቁር ገጽ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል። ቀለም የሚያፈራርቅ ቪዲዮ ያድነዋል ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ። እያንዳንዱ ፒክስል ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ሦስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱን ክፍል የሚቆጣጠር የራሱ ትራንዚስተር (ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ) አለው። በአይፒኤስ ስክሪን (በታብሌት የተለመደ የኤልሲዲ ዓይነት) ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ክፍል ይጠቁራል፤ የሞተ የምንለው እሱን ነው። ያንቺ ግን በርቶ የቀረ ነው፣ አረንጓዴው ክፍል መዝጋት አቅቶታል። ቪዲዮውን ለ30 ደቂቃ ያህል ብታስኬጂው ጉዳት የለውም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን እንዳያየው። ካልለቀቀ አትድገሚው። ነጥቡን በጣት ወይም በእርሳስ ጫፍ ማሸት የሚባለውን ግን ፈጽሞ እንዳትሞክሪ፤ ከኋላ ያሉት የብርሃን ማሰራጫ ንብርብሮች ከተጫኑ በአንድ ነጥብ ፋንታ ሰፋ ያለ ነጭ ምልክት ይቀራል። እሱ ደግሞ «ተጠቃሚው ያደረሰው ጉዳት» ተብሎ ይመዘገባል።

ጥያቄ፦ ሻጩ «አንድ ሁለት ነጥብ በዓለም አቀፍ ደረጃ የተፈቀደ ነው» ብሎ መለሰኝ። ልክ ነው?

መልስ፦ ግማሹ ልክ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም አቀፉ ደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) ደረጃ 9241-307 ስክሪኖችን በክፍል ይመድባል። ብዙ አምራቾች የሚጠቅሱት ክፍል 2 በአንድ ሚሊዮን ፒክስል ሁልጊዜ የበሩ 2፣ ሁልጊዜ የጠቆሩ 2 ይፈቅዳል። 2000 በ1200 የሆነ ስክሪን 2.4 ሚሊዮን ፒክስል ስላለው ከእያንዳንዱ ዓይነት ወደ 5 የሚጠጋ ማለት ነው። ይህ ግን አምራቹ «ምርቴ በዚህ ክፍል ነው» ሲል ራሱ የሚገባበት ደረጃ እንጂ ሻጭ ገዢን የሚያሰናብትበት ሕግ አይደለም። በኛ አገር የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ደረሰኝ ያልያዘ ሰው ግን መቼ እንደገዛ እንኳ ማስረዳት ይቸግረዋል። የኔን ምክር ከፈለግህ፦ ጥግ ላይ ላለች አንዲት ጥቁር ነጥብ ብዙ አትሟገት። መሀል ላይ ካለች፣ ወይም በርታ የቀረች ከሆነች ግን ዛሬውኑ መልሰው።

ጥያቄ፦ ማታ ፊልም ሳይ ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ ብርሃን ይወጣል።

መልስ፦ ኤልሲዲ፣ ማለትም ፒክስሎቹ ራሳቸው የማያበሩበት ስክሪን ከሆነ መብራቱ ከጠርዝ ስለሚመጣ ክፈፉ ፓነሉን በተጫነበት ቦታ ብርሃን ያፈስሳል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብሩህነቱን ግማሽ ላይ አድርገህ ሙሉ ጥቁር ምስል ክፈትና ፊት ለፊት ተቀመጥ። ቦታህን ስትቀያይር የሚደበዝዘው ወይም የሚዞረው ጭጋግ የአይፒኤስ ጠባይ ነው፣ ሁሉም ላይ አለ። የትም ብትቀመጥ ከቦታው የማይነቃነቀው ግን የክፈፍ ችግር ነው። ለማስረጃ ስታነሳው የካሜራውን ብርሃን ቀንስ፤ ስልክ በጨለማ ሲያነሳ ትንሿን ፍሳሽ ጎርፍ ያስመስላታል፣ ሻጩም ይህን ያውቃል። በመብራት ክፍል ውስጥ የማይታይ ከሆነ እኔ አልመልሰውም ነበር።

ጥያቄ፦ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ሐምራዊ መስመር። ሶፍትዌር ባድስ ይለቃል?

መልስ፦ ስክሪንሾት አንሺና ስልክሽ ላይ ልከሽ እዪው። መስመሩ ስክሪንሾቱ ላይም ካለ ችግሩ ከምስሉ ነው፣ ማደስ ሊረዳ ይችላል። ከሌለ ከፓነሉ ነው፦ ብዙ ጊዜ ምልክት አድራሹ ስስ ፊልም ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀበት ቦታ ለቅቋል። ጠርዙን ሲጫኑት መስመሩ ለጊዜው ይጠፋል፤ እሱ ምርመራው ትክክል መሆኑን ያሳያል እንጂ መድኃኒት አይደለም።

ጥያቄ፦ ለልጄ የገዛሁለት ታብሌት ቻርጅ ላይ ሲሆን ማንም ሳይነካው ራሱ ይከፍታል፣ ይጽፋል። ልመልሰው?

መልስ፦ ቆይ፣ እናቴ፤ መጀመሪያ ቻርጀሩን ይንቀሉት። ሲነቀል ከተወ ታብሌቱ ደህና ሊሆን ይችላል። ስክሪኑ የሚለካው ጣት የሚያመጣውን በጣም ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ለውጥ ነው፤ ርካሽ ቻርጀር የሚለቀው ረብሻ ያንን ይመስለዋል። በፓወር ባንክ ቻርጅ አድርገው ይሞክሩት። በሱ ሰላም ከሆነ ቻርጀሩን ይቀይሩ። ሳይሰካም የሚቀጥል ከሆነ የተለጠፈውን መከላከያ መስታወት አንስተው ይዩት፤ ከዚያም ካልተወ ይመልሱት።

አንድሮይድ ከሆነ ማረጋገጫ አለ፦ ስለ ታብሌቱ በሚለው ማስተካከያ ውስጥ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ሲነኩት የአበልጻጊዎች ምርጫ (Developer options) ይከፈታል። እዚያ የንክኪ ቦታ ማሳያውን (Pointer location) ካበሩት፣ ስክሪኑ የሚሰማው እያንዳንዱ ንክኪ በመስመር ይታያል። ማንም ሳይነካው መስመር ሲሠራ በስልክ ቪዲዮ ያስቀርጹ። በዚሁ ገጽ ላይ ጣት ከዳር እስከ ዳር በአንድ ሳንቲሜትር ልዩነት ሲሳብ መስመሩ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ከተቆረጠ እዚያ ንክኪ አይሠራም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ስክሪኔ ከጓደኛዬ ጋር ሲነጻጸር ቢጫ ነው።

መልስ፦ የሌሊት ብርሃንና ራሱን የሚያስተካክለውን የቀለም ምርጫ በሁለቱም ላይ አጥፋ። ከዚያ በኋላ ትንሽ ልዩነት ከቀረ እንከን አይባልም። ግማሹ ቢጫ ግማሹ ነጭ ከሆነ ግን ነው።

ጥያቄ፦ የ2021 አይፓድ ሚኒ ነው። በቁመቱ ይዤ ገጹን ወደ ላይ ስስብ ጽሑፉ በአንድ ጎን ወደ ኋላ ይቀራል።

መልስ፦ ስክሪኑ ምስሉን ከአንድ ጎን ጀምሮ ስለሚያድስ ነው። አፕል ራሱ የኤልሲዲ የተለመደ ጠባይ ነው ብሏል፤ በጉድለት አታስቀይረውም። አግድም ስትይዘው አይታይም። ዓይንህን ካስጨነቀህ በመመለሻ ጊዜው ውስጥ መልሰህ ሌላ ምረጥ።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጀርመን ገዝታ ልትልክልኝ ነው። እንከን ቢኖርስ?

መልስ፦ እዚያው ከፍታ ትፈትሸው። በአውሮፓ ኅብረት በኢንተርኔት የተገዛ ዕቃ ገዢዋ እጅ ከገባበት ቀን አንስቶ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት ይመለሳል፤ ለጉድለት ደግሞ ሻጩ 2 ዓመት ተጠያቂ ነው። ግን ተጠያቂው የጀርመኑ ሻጭ፣ ጠያቂዋም እህትህ ናት። አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መልሶ የሚወስድ ሰው መፈለግ ነው።

ጥያቄ፦ ሱቅ ውስጥ 10 ደቂቃ ብቻ ቢኖረኝ ምን ልይ?

መልስ፦ ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ግራጫ የሆኑ 6 ምስሎች ስልክህ ላይ አዘጋጅተህ ሂድና ወደ ታብሌቱ አስተላልፋቸው፤ የሱቁን ኢንተርኔት አትጠብቅ። ስክሪኑን በለስላሳ ጨርቅ ወልውል፣ ብሩህነቱን እስከ ጫፍ ከፍ አድርግ፣ በየቀለሙ ረድፍ በረድፍ እይ። ለጥቁሩ ጃኬትህን ከላይ ጣል አድርገህ ተመልከት፤ የሱቅ መብራት ብዙ ይሸፍናል። ግራጫው ላይ የመተግበሪያዎች ጥላ ከታየህ፣ በተለይ አሞሌድ (ፒክስሎቹ ራሳቸው የሚያበሩበት ስክሪን) ከሆነ፣ ለማሳያ ቆሞ የነበረ ዕቃ ነው፣ አትውሰድ። የስክሪኑ አንድ ጎን ከክፈፉ ከፍ ካለም ባትሪው አብጦ ሊሆን ስለሚችል እዚያው ተወው። በመጨረሻ ማስተካከያው ውስጥ ያለውን ሴሪያል ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክር፤ ደረሰኙ ላይም ያንኑ ቁጥር አስጽፍ።